ደንገጎ ሲያዘገየን

ከሐረር ወደ ድሬ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ጨዋታው የሚቀዘቅዘው ደንገጎ ላይ ነው። በአወዳይና በሐረማያ ሜዳ ሹፌሩ ሲበር ማንም ምንም አይለውም። ደንገጎ ስንደርስ ግን ገደሉ ብቅ ይላል፣ ሹፌሩም ሳይነገረው ማርሽ ይቀንሳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ እየተጠማዘዝን እንወርዳለን።

ድሬ ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ባቡር ግን እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም፤ ሐዲዱ ተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረች፤ «አዲስ ሐረር» ተብላም ተጠራች።

ፈረንሳዮቹ ከዚራን በቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ሠሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ግን ጠባብና ጥምዝምዝ ናት። እስቲ ባጃጅ ተሳፈሩና እዩ፦ ያው ሹፌር ከዚራ ላይ ይከንፋል፣ መጋላ ሲገባ ያዘግማል። ፍጥነቱን የወሰነለት የመንገዱ ቅርጽ ነው።

ታዲያ ጠማማ መንገድ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው? አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. በዚሁ የድሬ መስመር አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ድልድይ ላይ ያለውን ኩርባ በፍጥነት ገባበትና ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ኩርባ የሚያድነው ቀድሞ ሲታይና ቀድሞ ሲዘገይለት ነው። የገጠር መንገድ የሚነድፉ መሐንዲሶችም የሚፈሩት ከረጅም ቀጥታ መንገድ በኋላ ድንገት የሚመጣውን ኩርባ ነው። ለዚህም ነው ኩርባዎቹ ቀስ በቀስ እንዲጠብቡ፣ አንዱ ለቀጣዩ እንዲያዘጋጅ የሚደክሙት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁሉን ለፍሬን የሚተው ሹፌር ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል፤ ማርሽ የሚቀነሰው ለዚሁ ነው።

ባለፈው ስወርድ የደንገጎን የመጨረሻ ኩርባ እንደጨረስን ሹፌሩ «እፎይ» ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ገደሉ አልቋል፣ መንገዱ ተዘርግቷል። ዳር ላይ ግን ፍየል የሚነዱ ልጆች ነበሩ። እኔ አየኋቸው፣ መናገር አፍሬ ዝም አልኩ። ከኋላ አንዲት እናት ጮኹ፦ «አቦ ቀስ በል! ገደሉ ቢያልቅ ሰው አለ!»

ቀነሰ። ልጆቹም በሰላም ተሻገሩ። እኔ ግን ዝምታዬ እስከ ድሬ ድረስ ሲቆረቁረኝ ነበር። ደንገጎ ላይ ገደሉ ይናገርልናል፤ ሜዳው ላይ መናገር ያለብን እኛው ነን።