ስካነሩ ጥርስ ሲለካ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ ጥርስ ለማስተከል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል። እንዲህ ላለ ሰው «ጥርሱ አልገጠመም፣ ሌላ ጊዜ ና» ማለት ሌላ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ፣ ከእርሻው ወይም ከሱቁ የቀረበት ሌላ ሳምንት ነው። ስለዚህ «በስካነር ስለምንለካ ስህተት የለም» የሚል የክሊኒክ ማስታወቂያ ሲያይ ታሪኩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ነገሩ ከስዊድን ይጀምራል። ተመራማሪው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የታይታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲሞክር አጥንቱ ይዞ አልለቅ አለው። በ1965 ዮስታ ላርሰን የተባለ ሰው መንጋጋው ላይ የታይታኒየም ሥር ተተከለለት፤ በ2006 እስኪሞት ድረስ አገልግሎታል።

ይህ መዋሃድ ግን ጣጣም አለው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን ጅማት ስለሆነ በጥቂቱ ይላወሳል። ታይታኒየሙ ግን እንደዚያ አይደለም። በብዙ ኢምፕላንት ላይ የሚታሰር የጥርስ ድርድር ትንሽ ከተዛነፈ በብሎን ጉልበት ተስቦ ይቀመጣል፤ ውሎ አድሮ ብሎኑ ይላላል ወይም ይሰበራል። ብሮኔማርክ ክፍተቱ ከ10 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ይሻ ነበር። የአገሩ ሰው ቶርስተን የምት በ1991 እስከ 150 ድረስ ችግር እንደማያመጣ ሐሳብ አቀረበ። የአንድ ፀጉር ውፍረት እስከ 100 መሆኑን ልብ ይሏል።

ልኩ ድሮ በጀሶ፣ ኋላም እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ሲሊኮን ይወሰድ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ በ1973 በመመረቂያ ጽሑፉ በብርሃን ይወሰድ አለ። በ1985 ዙሪክ ላይ ሞርማንና ብራንዴስቲኒ በካሜራ ተለክቶ በማሽን የተቀረጸ የጥርስ ሙሌት ለታካሚ ገጠሙ።

ታዲያ ስህተቱ ከየት ይመጣል? ስካነሩ መንጋጋውን በአንዴ አያይም። ትንንሽ ምስሎችን እያነሳ አንዱን ከሌላው ጋር ይሰፋል፤ ለመስፋት ደግሞ ጉብታና ስርጉድ ይፈልጋል። ጥርስ በሌለው መንጋጋ የሚያገኘው እርጥብና ልሙጥ ድድ ነው። በአጭር ገመድ ረጅም ማሳ እንደሚለካ ሰው፣ በየጣለው ጥቂት ጥቂት ያዛባውን ዳር ሲደርስ ተጠራቅሞ ያገኘዋል። (ጎጃም ልኬትን መጠርጠር የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ አምጿል።)

ለአንድ ወይም ለሁለትና ሦስት ተጎራባች ጥርስ ስካነሩ ከሲሊኮን አያንስም፤ ቶሎ ለሚያቅለሸልሸው ሰውም እፎይታ ነው። ሙሉ መንጋጋ ላይ ግን የጥናቶቹ ውጤት ይለያያል፤ የማሽኑ ዓይነት፣ የኢምፕላንቶቹ ርቀት፣ የያዘው ሰው እጅ ሁሉ ይወስነዋል። የሚገርመው፣ የምት ከባልደረባው ሊ ጋር በ1994 የኢምፕላንቶችን አቀማመጥ በፎቶግራፍ መለካትን ጽፎበት ነበር። ዛሬ ለሙሉ መንጋጋ እየተመረጠ የመጣው ከአፍ ውጭ ሆኖ የሚያነሳ ካሜራም የዚያው ሐሳብ ዘመድ ነው።

ከጎጃም የመጣው ታካሚ ክሊኒኩን የስካነሩን ስም መጠየቁ ብዙም አይረዳውም። የሚረዳው የመጨረሻው ጥርስ ሳይሠራ፣ እሱም አገሩ ሳይመለስ ሙከራ ይደረግለት እንደሆነ መጠየቁ ነው። ሙከራው ቀላል ነው፦ ድርድሩ አፍ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአንዱ ጫፍ ያለው ብሎን ብቻ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላኛው ጫፍ ብድግ ማለት አለማለቱ ይታያል።