ሽለላን ሳክስፎን ላይ ያደረሰ ትምህርት ቤት

በደባርቅና በዳባት ሰርግ ላይ ሽለላ ሲነሳ የተቀመጠ ሰው ይነሳል። ሸላዩ ድምፁን ከጉሮሮው እየጎተተ ያወጣል፣ ያቋርጣል፣ መልሶ ያጋግላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡበት የስሜን ምድር ይህን የጦር ሜዳ ዜማ ከአያት ከቅድመ አያት ይዞ ቆይቷል። ይኸው ዜማ አዲስ አበባ ገብቶ በሳክስፎን ሲነፋ የውጭ ሰዎች ጃዝ አሉት። የነፉት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ጌታቸው ገና በልጅነታቸው የገቡበትን ባንድ ይመሩ የነበሩት መምህር ግን እምብዛም አይታወሱም፤ ስማቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎታቸው ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ያቋቋሙትን የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። “አርባ ልጆች” የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1930 ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የጎጃሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

ነርሲስ የተወለዱት በ1915 አይንታብ ሲሆን ሶርያ ውስጥ ሐለብ አድገው፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸውን ተከትለው ኢትዮጵያ ገቡ። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1946፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ መሪ ሆኑ። ቀጥሎ የፖሊስ ኦርኬስትራን አሠለጠኑ፤ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሙዚቃ ክፍሉን ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ተረክበው መሩ።

ዘመኑ የትልልቅ ባንዶች ነበር። የግሌን ሚለር ዓይነት የአሜሪካ ጃዝ፣ የሳክስፎን፣ የትራምፔትና የትሮምቦን ረድፍ፣ አልፎም የላቲን ምት አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ያን ለመጫወት ግን መስማት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድርሻ ከወረቀት ማንበብ ነበረበት፤ ድርሻውንም አስቀድሞ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። የአገራችን ዜማ ደግሞ በአምስት ድምፆች የሚሄድ ነው። ለሰባት ድምፅ የተበጀ ስምምነት እንዳለ ሲጫንበት ትዝታ ትዝታነቱን፣ አንቺ ሆዬም ለዛውን ያጣል። ሁለቱንም ሥራ የያዙት ነርሲስ ነበሩ፤ እያስተማሩ ያቀናብሩ ነበር፤ እያቀናበሩም ያስተምሩ ነበር።

ጌታቸው የተወለዱት በ1935 ይፋት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ማሲንቆና ክራር ሞከሩ። በ1949፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቴአትር ቤቱ፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። የትንፋሽ መሣሪያ ትምህርቱን ከያዙ በኋላ ያደረጉት ግን ማንም ያላዘዛቸውን ነው፤ የሸላዩን ጉሮሮ ወደ ሳክስፎኑ አመጡት። ማቋረጡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የቁጣው ማየል ሁሉ እዚያ አለ። ጃዝ አዋቂዎች ከአሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ ከኦርኔት ኮልማን ጋር አነጻጽረዋቸዋል። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር “ሞዓ አንበሳ” የሚለውን አልበም አሳተሙ፤ በ2016 ከማረፋቸው በፊትም ለዓመታት የአገራቸውንና የአውሮፓን መድረክ አናወጡ።

የኢትዮ ጃዝ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሙላቱ አስታጥቄ ይጀምራል። ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሙላቱ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ኖታ የሚያነቡ ነፊዎች አገር ቤት ጠብቀዋቸዋል። እነዚያን ነፊዎች ያፈራው እንደ ነርሲስ ያሉ መምህራን ይመሯቸው የነበሩ ባንዶች የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። በእኔ እምነት ታሪኩ ሲጻፍ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሄዶ ከመምህሩ መጀመር አለበት።

ነርሲስ በ1977 አረፉ። የደርግ የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ ያፈነበት ዘመን ነበር። የእጅ ጽሑፍ ኖታቸው ግን በቤተሰብ እጅ ተርፎ፣ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተጫወተው። እንዲህ ያለው ኖታ አገር ውስጥም በሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ሊጠና ይገባል። በደባርቅና በዳባት ያሉ የባህል ቡድኖችም የሽለላ አዋቂ አዛውንቶችን ድምፅ ዛሬውኑ ይቅረጹ፣ ኖታም ያስጽፉለት፤ ትራምፔት ወይም ሳክስፎን የጀመረ ተማሪ ካላቸው ከሸላዮቹ ጎን ያስቀምጡት።