የስድስት ኪሎ በር ለማን ተከፈተ?

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑት በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፤ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመረቀበት። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በአዲሱ ተቋም ሥር ተጠቃለለ።

የደሃ ልጅ ከመኳንንት ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ክፍያ አይጠየቅም። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በጥቂት ሌሎች ከተሞች የተከማቹ ነበሩ። የመልቀቂያ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የቆላው አርብቶ አደር ልጅ በሩ ቢከፈትለትም መንገዱን አያውቀውም።

የሚገርመው፣ ከሩቅ አገር የመጡት ከዚህ ልጅ ቀድመው መግባታቸው ነው። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ በ1954 ዓ.ም. የተመረቀው ከአዲስ አበባ ነው። እነዚህ እንግዶች በየአገራቸው የፀረ ቅኝ አገዛዝ ትግል ያዩ ነበሩና፣ የኢትዮጵያውያኑ ዝምታ ግራ አጋባቸው። የተማሪው እንቅስቃሴ በኋላ ለያዘው መልክ የእነሱ ጥያቄ ድርሻ ነበረው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ጀመር። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ይመደባል። የከተማው ልጅ ጭሰኛውን በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። በኅዳር 1962 ተማሪው ዋለልኝ መኮንን «ታገል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግልጽ ሲያነሳ፣ ጉዳዩ በመኝታ ክፍሎች ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነበር።

ሴቶቹስ? ከአሥር አንድ እንኳ የማይሞሉ ነበሩ። በመጋቢት 1960 ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው ያሉ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሱ፤ ነገሩ ተካርሮ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ስለ ሴቷ ልብስ ያን ያህል ግርግር ሲነሳ፣ ለምን ቁጥሯ እንዲህ አነሰ ብሎ ሰልፍ የወጣ ግን አልነበረም። ለሥር ነቀል ለውጥ ተነሳሁ የሚለው ትውልድ እዚህ ላይ ከአባቶቹ ብዙም አልራቀም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ (አፈርማቲቭ አክሽን) እንዲወሰድ ደነገገ። የመግቢያ ነጥብ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ይደረግ ጀመር። ቁጥሩ አደገ። ሆኖም ዝቅ ባለ ነጥብ የተቀበላትን ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሚያሰናብተው ያው ግቢ ነበር። ቱቶሪያል አለ ይባላል፤ ሰዓቱና አስተማሪው ግን እንደየዲፓርትመንቱ ትጋት ነው። በዚያ ላይ «በአፈርማቲቭ የገባች» የምትለዋ ሹክሹክታ አለች፤ በራሷ ነጥብ የገባችውም ከእሷ አታመልጥም።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ደግሞ ደንብ እስኪወጣላቸው ሳይጠብቁ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። ተማሪው ወፍራሙን ወረቀት በብሬል መጻፊያው ሰሌዳ (ስሌት) መሃል አስገብቶ፣ በመውጊያው (ስታይለስ) ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ኖት ይይዛል፤ ገልብጦ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ሃንድአውቱ በብሬል አይገኝም ነበር። ስለዚህ አንባቢ ይፈለግ ነበር፤ የሚያይ ጓደኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ ቁጭ ብሎ ያነብለታል፣ እሱ በካሴት ይቀዳ ነበር። አንባቢው በፈተና ሰሞን የራሱ ጥናት ሲይዘው ካሴቱ ባዶ ይቀር ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋና ወደ ታሪክ ያዘነበሉት ወደው ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡና ሳይንሱ ገና በታችኛው ክፍል ተዘግቶባቸው ስለሚመጡ ነው።

ወሎ ተወልዳ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በዚህ መንገድ አልፋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራለች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋት ራሷ ተናግራለች። በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘች። እንደሷ ያለ ሰው ሲነሳ ግቢው ይኮራል፤ መኩራት ያለበት ግን ከሱ ይልቅ በነፃ ሲያነቡ የከረሙት ናቸው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሬሜዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት ያኔ መጣ፤ የመግቢያ ነጥቡም ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለዓይነ ስውራን ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ፈተናውን ማውጣት መብቱ ነው። ግን በየዓመቱ ስንት ሴት፣ ስንት አካል ጉዳተኛ፣ ከየትኛው ክልል ስንት ተማሪ እንደተቀበለ ሲነግረን፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነሱ ስንቱን እንዳስመረቀም አብሮ ይንገረን።