ካንባንን ከስክራም ጋር አጣምሮ መሥራት፦ የተገልጋይ ጥያቄ በሥራ ቡድን ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ

የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በተሸጋገሩ መጠን፣ የአገልግሎቱን ፍጥነት የሚወስነው በመስኮት በኩል የሚታየው ሠራተኛ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የማመልከቻ ቅጹ ስም በትክክል አልመዘግብ ሲል፣ ክፍያ ተፈጽሞ ደረሰኝ ሳይወጣ ሲቀር፣ ወይም መመሪያ ተሻሽሎ ሥርዓቱ በቀድሞው መሥራቱን ሲቀጥል፣ ማስተካከያውን የሚሠራው ተገልጋዩ ፊት ለፊት የማያገኘው የሶፍትዌር ቡድን ነው። ተገልጋዩ «መቼ ይስተካከላል?» ብሎ ሲጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘቱ ወይም «በሂደት ላይ ነው» ተብሎ መመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ ቡድን ሥራውን በሚመራበት መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አሠራሮች መካከል ስክራምና ካንባን ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚጣመሩ እና ጥምረቱ ጉዳይ ለማስፈጸም ለሚመጣ ሰው ምን ትርጉም እንዳለው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ስክራም ምንድን ነው?

ስያሜው ከራግቢ ጨዋታ የተወሰደ ነው። በራግቢ ጨዋታው ሲቋረጥ የሁለቱ ወገን ተጫዋቾች ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው እየተገፋፉ ጨዋታውን እንደገና ያስጀምራሉ። ሂሮታካ ታኬውቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ ምሳሌውን ከዚሁ ጨዋታ ወሰዱ። አዲስ ምርት በፍጥነት የሚያወጡ ኩባንያዎች ሥራውን እንደ ዱላ ቅብብል ከክፍል ወደ ክፍል ከማስተላለፍ ይልቅ፣ አንድ ቡድን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አብሮ እንዲይዘው እንደሚያደርጉ አመለከቱ። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር ሐሳቡን ወደ ሶፍትዌር ሥራ አምጥተው እ.ኤ.አ. በ1995 በይፋ አቀረቡት።

የስክራም ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች ያሉት ነው። ሥራው ስፕሪንት በሚባሉ ዙሮች ይከፈላል፤ አንድ ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ብዙ ቡድኖች የሁለት ሳምንት ዙር ይመርጣሉ። በዙሩ መጀመሪያ የሚሠራው ይታቀዳል፣ በየዕለቱ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ምክክር ይደረጋል፣ በመጨረሻም የተሠራው ለባለድርሻ አካላት ቀርቦ ቡድኑ ስለ ራሱ አሠራር ይወያያል። ከውዝፍ ሥራዎች የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው አንድ ሰው ሲሆን የምርቱ ባለቤት ይባላል። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በርካታ ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው «የእኔ ይቅደም» በሚሉበት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ጥቅሙን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ካንባን ምንድን ነው?

ካንባን በጃፓንኛ የምልክት ሰሌዳ ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ የተባሉት መሐንዲስ አሠራሩን ሲያዳብሩ መነሻ ያደረጉት የአሜሪካን ሱፐርማርኬት ነበር። በሱፐርማርኬት መደርደሪያው የሚሞላው ደንበኛው ዕቃ ባነሣ ልክ ነው። በቶዮታም የመኪና ዕቃዎች የሚቀመጡበት መያዣ ካርድ ይኖረዋል፤ ዕቃዎቹ ሥራ ላይ ሲውሉ ካርዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በስተኋላ ያለው ክፍል የሚያመርተው ካርዱ ሲደርሰው ብቻ ነው። በዚህም የሚቀጥለው ክፍል ያልጠየቀው ዕቃ እየተመረተ በወለሉ ላይ እንዳይከመር ማድረግ ተችሏል።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ካይዘን በጃፓን መንግሥት ትብብር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ ሥራውን የሚመራ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 መቋቋሙ ይታወሳል። ካንባንም ካይዘን ከሚታወቅበት ከዚያው የጃፓን ፋብሪካዎች ልምድ የተገኘ ነው።

የቢሮ ሥራ ግን ከፋብሪካ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በፋብሪካ የተከማቸ ዕቃ ለዓይን ይታያል፣ መተላለፊያም ይዘጋል። በቢሮ የተከማቸ ሥራ በመሳቢያ ወይም በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጥ መቶ ጉዳዮች ተወዝፈውም ክፍሉ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ካንባን ወደ ዕውቀት ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያ ተግባሩ የማይታየውን ክምችት እንዲታይ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ካርድ ይወከላል፤ ካርዱ «ያልተጀመረ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «በፍተሻ ላይ»፣ «የተጠናቀቀ» በሚሉ ዓምዶች ላይ ይጓዛል። ሁለተኛው ተግባር ከዚህ የከበደ ነው፤ በእያንዳንዱ ዓምድ በአንድ ጊዜ ሊቀመጥ የሚችለው የካርድ ቁጥር ገደብ ይበጅለታል። ገደቡ ከሞላ አዲስ ሥራ አይጀመርም፤ እጁ ባዶ የሆነ ባለሙያ በእንጥልጥል ያለውን ለመጨረስ ሌላውን ያግዛል።

ከሃይደራባድ የተገኘ ልምድ

ካንባን በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለውን ውጤት ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው፣ የማይክሮሶፍትን የውስጥ ሥርዓቶች የሚጠግን በሕንድ ሃይደራባድ የነበረ አነስተኛ ቡድን ነው። ታሪኩ የግል ኩባንያ ቢሆንም የተገልጋይ ጥያቄ ተቀብሎ ለሚሠራ ማንኛውም ክፍል ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቡድኑ ሦስት ሶፍትዌር ሠሪዎችና ሦስት ፈታሾች ነበሩት፤ ከ80 በላይ ጥያቄዎች ተወዝፈውበት ነበር፤ አንድ ጥያቄ ተመልሶ እስኪወጣም አምስት ወር ገደማ ይወስድ ነበር። ባለሙያዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ በሙያቸውም የተመሰገኑ ነበሩ።

ድራጎስ ዱሚትሪዩ የተባሉት የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ከዴቪድ አንደርሰን ጋር ሆነው ችግሩን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር የሚገርም ነበር። አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ቡድኑ እጁ ላይ ያለውን ሥራ አቁሞ «ይህ ስንት ጊዜ ይወስዳል?» ለሚለው ግምት መስጠት ነበረበት፤ ግምቱ ብቻውን የቡድኑን አቅም ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይበላ ነበር። ግምት ከተሠራላቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጨርሶ አይሠሩም ነበር። የተወሰደው እርምጃ ግምቱን ማስቀረት፣ በእጅ ያለውን ሥራ በገደብ መያዝ፣ ክፍት ቦታ ሲገኝ ደግሞ ጠያቂ ክፍሎች በጋራ ቀጥሎ የሚገባውን እንዲመርጡ ማድረግ ነበር። በዘጠኝ ወራት ውስጥ አማካይ የማጠናቀቂያ ጊዜው ወደ ሁለት ሳምንት ወረደ። በኋላ ላይ ጥቂት ሠራተኛ የተጨመረ ቢሆንም፣ ለውጡ የጀመረው ሠራተኛ ሳይጨመርና የሙያ አሠራሩ ሳይለወጥ ነው።

ሁለቱን ማጣመር ለምን አስፈለገ?

ስክራም ብቻውን ሲሠራበት በአገልግሎት ቡድኖች ላይ ሁለት ችግሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ የሁለት ሳምንቱ ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ በማግስቱ የመጣ የተገልጋይ ቅሬታ ዕቅዱን ካፈረሰ ቡድኑ ይበተናል፤ ቀጣዩን ዙር ይጠብቅ ከተባለ ደግሞ ተገልጋዩ ይጉላላል። ሁለተኛው፣ በዙሩ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ በመጨረሻው ቀን ሁሉም በፍተሻ ላይ ይቆለላል። በአንጻሩ ካንባን ብቻውን የዕቅድና የግምገማ ቀን አያስገድድም፤ ካርዶች በጸጥታ እየተጓዙ ቡድኑ የሚሠራው ሥራ ለተገልጋዩ ፋይዳ ያለው መሆኑን ቆም ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል።

ኮሪ ላዳስ የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን አስተሳስረው «ስክራምባን» የተባለውን አሠራር አስተዋወቁ። በዚህ አሠራር ዕቅድ የሚወጣው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን ለሥራ የተዘጋጁ ካርዶች ቁጥር ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ነው። በኋላም የሽዌበር ተቋም የሆነው ስክራም ዶት ኦርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ስክራምን እንዳለ ይዘው የካንባንን ልምድ ለሚጨምሩ ቡድኖች መመሪያ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት፣ አዲስ ሥርዓት ለሚገነባ ቡድን የ2018ቱ መንገድ ይስማማል፤ በየቀኑ የማይታወቅ ቁጥር ያለው የጥገና ጥያቄ ለሚደርሰው ቡድን ግን የላዳስ መንገድ የተሻለ ነው።

በጥምረቱ ውስጥ ዕለታዊው የ15 ደቂቃ ምክክር መልኩን ይለውጣል። «አንተ ትናንት ምን ሠራህ?» እየተባለ ሰው በሰው መጠየቁ ቀርቶ ሰሌዳው ለፍጻሜ ከቀረበው ዓምድ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይነበባል፤ የቆመው የትኛው ነው፣ ለምን ቆመ፣ ማን ያስነሣው የሚሉት ይጠየቃሉ። ለእያንዳንዱ ካርድ የተጀመረበት ቀን ስለሚመዘገብ ዕድሜው ይታወቃል። ይህ የካርድ ዕድሜ ከሁሉም በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው ተገልጋይ ስልክ ደውሎ ጉዳዩን ሊያስታውስ ይችላል፤ የሚያውቀው የሌለው ሰው ጉዳይ ግን ማንም ሳያነሣው ከታች ይቀራል። ዕድሜው በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ካርድ ማንም ባይደውልም በየማለዳው ይነሣል።

በእጅ ያለን ሥራ መቀነስ ለምን ያፈጥናል?

ጆን ሊትል የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት አንድ ግንኙነት አለ፤ አማካይ የማጠናቀቂያ ጊዜ በእጅ ያለው ሥራ መጠን በጊዜ አሃድ ለሚጠናቀቀው ሥራ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን 40 ጥያቄዎችን ጀምሮ በሳምንት 4 የሚጨርስ ቢሆን፣ አንድ የተጀመረ ጥያቄ በአማካይ 10 ሳምንት ይፈጅበታል። ቡድኑ በተመሳሳይ አቅም በአንድ ጊዜ 12 ብቻ ቢይዝ ጊዜው ወደ 3 ሳምንት ይወርዳል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «የቀሩት 28 ጥያቄዎችስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገደብ ማበጀት ወረፋውን በአንድ ቀን አያጠፋውም፤ ወደ ፊት አውጥቶ ያሳየዋል እንጂ። ልዩነቱ የሚመጣው ከሦስት ነገሮች ነው። ባለሙያው በአምስት ጉዳዮች መካከል እየተመላለሰ የሚያባክነው ጊዜ ስለሚቀንስ በሳምንት የሚጠናቀቀው ሥራ ራሱ ሊጨምር ይችላል። ያልተጀመረ ሥራ ቅደም ተከተሉ ያለ ኪሳራ ሊለወጥ ይችላል፤ ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ግን ሲተው የተደከመበት ይባክናል። ከሁሉም በላይ፣ ያልተጀመረን ጉዳይ «ተጀምሯል» ብሎ ተገልጋዩን ማመላለስ አይቻልም፤ ካርዱ ያለበት ዓምድ ይታያልና።

ከዚህም አገልግሎት የሚጠናቀቅበትን ጊዜ በማስረጃ መግለጽ ይቻላል። ቡድኑ ያለፉት ጥያቄዎች የፈጁትን ቀን መዝግቦ «ከመቶ 85ቱ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃሉ» ሊል ይችላል፤ ቁጥሮቹ እዚህ የተጻፉት ለምሳሌ ብቻ ነው። በዜጎች ቻርተር ላይ የሚሰፍር የጊዜ ስታንዳርድ ከእንዲህ ያለ መዝገብ ሲነሣ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ከተወሰነ ቁጥር ይልቅ ሊታመን የሚችል ይሆናል።

ጥምረቱ የሚበላሽበት ሁኔታ

በብዛት የሚታየው ብልሽት ሰሌዳው ለጎብኚ ማሳያ መሆኑ ነው፤ ካርዶቹ በወሩ መጨረሻ ለሪፖርት ሲባል ይገፋሉ እንጂ ሥራውን አይመሩም። ሌላው አደገኛ ነገር «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ነው። እውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ አለ፤ የክፍያ ሥርዓት ሲቆም ወረፋ አይጠበቅም። ለዚህ ብዙ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ከአንድ ካርድ በላይ የማይቀበል የተለየ መስመር ያዘጋጃሉ። መስመሩ ገደብ ከሌለው ግን በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ሥራ አስቸኳይ ይሆናል፤ ገደቡንም የሚያስከብረው የቡድኑ አባል ሳይሆን ትእዛዝ የሚሰጠው የበላይ ኃላፊ መሆን አለበት።

ለተገልጋዮች

በኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ላይ ጥያቄ ወይም ቅሬታ ሲያቀርቡ የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ያለው ካርድዎ ነው። ሲከታተሉም «ደርሷል ወይ?» ከማለት ይልቅ፣ ጉዳዩ ተጀምሯል ወይስ ወረፋ ላይ ነው፣ ከተጀመረ ስንት ቀኑ ነው፣ ከቆመ ደግሞ የማንን ምላሽ እየጠበቀ ነው ብለው መጠየቅ ይችላሉ።

አንዱን ችግር በስልክ፣ በአካልና በኢሜይል ደጋግሞ ማመልከት ሦስት ካርድ ይፈጥራል፤ ሦስቱን አመሳክሮ አንድ ለማድረግ የሚጠፋው ጊዜም ከራስዎ ጉዳይ ላይ ይቀነሳል። የተለያዩ ሁለት ችግሮች ካሉ ግን በአንድ ማመልከቻ አያጣምሯቸው፤ ቀላሉ ከባዱን እየጠበቀ ይቆያል። ችግሩ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም የገጹን ፎቶ፣ ክፍያ ከሆነም የግብይት ቁጥሩን ያያይዙ። እነዚህ ሳይሟሉ የቀረበ ጥያቄ «የተገልጋይ ምላሽ የሚጠበቅበት» ወደሚለው ዓምድ ስለሚዛወር፣ ማብራሪያ የሚጠይቅ መልእክት ከደረሰዎ በዚያው ቀን መልስ ቢሰጡ ካርዱ ወደ ሥራ ይመለሳል።