እንጅባራ

እንጅባራ በአማራ ክልል፣ በጎጃም ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማና የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ኮሶበር በሚል ስምም ትታወቃለች። ነዋሪዎቿ አማርኛና አገውኛ ይናገራሉ፤ አገውኛው በነዋሪዎቹ ዘንድ አዊኛም ይባላል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ21 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት።

መልክዓ ምድር

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ቆላ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ገብስ፣ ጤፍና ድንች ይመረታሉ፤ የደጋ ቀርከሃም ለአጥር፣ ለቤትና ለዕቃ ሥራ ያገለግላል።

በአቅራቢያዋ ያለው የዘንገና ሐይቅ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። በስተምሥራቅ በአጎራባቹ የሰከላ ወረዳ የግልገል ዓባይ መነሻ የሆነው የግሽ ዓባይ ምንጭ ይገኛል።

ታሪክ

አገውኛ ከኩሽ ቋንቋዎች የማዕከላዊው ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ የዋግ ኽምጣናና የኤርትራ ብሌን ዘመዶቹ ናቸው። የአዊ ሽማግሌዎች ሕዝባቸውን «ሰባት ቤት አገው» ይሉታል፤ ቤቶቹም ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል ናቸው። በአፈ ታሪክ መሠረት የሰባቱ ቤቶች አባቶች ከላስታና ከዋግ አካባቢ የመጡ ወንድማማቾች ነበሩ።

በፋሺስት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች በእንጅባራ ምሽግ ነበራቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ፣ የጎጃም አርበኞችና በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር መንገዱን ከፈቱ። የእንጅባራው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋ ፈረሰኞችን ውለታ ይዘክራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በተሸለሙ ፈረሶቻቸው እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጉግስና ሽርጥ የተባሉት የፈረስ ትርዒቶችም ይታያሉ። ማኅበሩ ጠብ በማብረድና በችግር ጊዜ በመረዳዳትም ይታወቃል።

ኢኮኖሚ

ከተማዋ የእህል፣ የከብትና የቀርከሃ ገበያ ናት። በባንጃ ወረዳና በአጎራባቹ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ በእርሻ ማሳቸው ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ዛፉን ግን ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። የተጎዳው መሬት በዚህ አገግሞ ብዙ ቤተሰብ ገቢ አግኝቷል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ስላጠቃው የሚተማመኑበት ሰዎች ተጎድተዋል። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለከተማዋ አዲስ የሥራና የትምህርት በር ከፍቷል።

ቋንቋ

በክልሉ ሕገ መንግሥት የአዊ ብሔረሰብ የራሱ አስተዳደር አለው። አገውኛ በፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም በቋንቋው ያሰራጫሉ። በ1999ኙ ቆጠራ በአስተዳደሩ ካሉት 982 ሺህ ያህል ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ አዊ ነን ሲሉ፣ አገውኛን አፍ መፍቻ ያደረጉት ግን 45 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአዊ ተወላጆች ብዙዎች አፍ የፈቱት በአማርኛ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የቋንቋው ዕጣ የሚወሰነው ልጆች በቤትም በትምህርት ቤትም በመናገራቸው ነው።