የጎርፍ መድን ለንግድ ብድር መያዣ (ሐይቅና አምባሰል)

ለብድር መያዣ የሚገባ የጎርፍ መድን፣ ነጋዴ ሕንጻውን ወይም በውስጡ ያለውን ሸቀጥና ዕቃ ለባንክ አስይዞ ሲበደር፣ ንብረቱን ውሃ ቢያጠፋው ካሳ የሚያስገኝ ውል ነው። በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች (ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት) ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው የአካባቢው የመሬት አቀማመጥ ነው።

የግዴታው ምንጭ

በኢትዮጵያ ይህ መድን እንደ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን (አዋጅ ቁጥር 799/2005) በአዋጅ የተጣለ ግዴታ አይደለም። ምንጩ የብድር ውሉ ነው። ተበዳሪው መያዣውን መድን ሊያስገባ፣ በየዓመቱ ሊያድስና በካሳው ላይ ለባንኩ ቅድሚያ ሊሰጥ ይስማማል። ካላደሰ ባንኩ አረቦኑን ከፍሎ በዕዳው ላይ እንዲደምር የሚፈቅዱ ውሎችም አሉ። የመድን ውል ራሱ የሚገዛው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የመድኑን ክፍል ሳይሽር አልፎታል። ብድሩ ካልተመለሰ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ጎርፍ የወሰደው ቤት ግን ለሐራጅ አይቀርብም፤ ዕዳው ሳይነካ ይቆያል።

በውሉ ላይ «ንብረቱ መድን ይግባለት» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ፣ በአብዛኛው የሚገዛው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ጎርፍ፣ ማዕበልና የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ አደጋዎች ተብለው፣ በተጨማሪ አረቦን በዝርዝር ሲሰፍሩ ነው ሽፋኑ ውስጥ የሚገቡት። ስለዚህ መድን ያለው ተበዳሪ ሁሉ የጎርፍ መድን አለው ማለት አይቻልም፤ የባንኩ ሠራተኛም ሆነ ነጋዴው ቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህን ዝርዝር ነው።

ለንጽጽር፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ ጉዳዩን ከውል አውጥቶ ግዴታ አድርጎታል። በመንግሥት ካርታ ከፍተኛ የጎርፍ ሥጋት ባለበት ቀጣና የተመዘገበ ሕንጻን ባንክ በመያዣነት ሲቀበል የጎርፍ መድን ይጠይቃል፤ ዕቃውም አብሮ ከተያዘ ለዕቃውም ይጠይቃል። መጠኑ ከብድሩ ቀሪ፣ ከንብረቱ መድን ሊገባለት ከሚችል ዋጋና ከብሔራዊው የጎርፍ መድን ፕሮግራም ጣሪያ ዝቅተኛው ነው። ለንግድ ሕንጻ ጣሪያው 500,000 ዶላር፣ ለዕቃውም እንዲሁ 500,000 ነው።

በሐይቅና በአምባሰል «ጎርፍ» ምንድን ነው?

የካሳ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በዚህ ቃል ነው። በአካባቢው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ውሃ አለ።

የመጀመሪያው በበልግም ሆነ በክረምት ከተራራ የሚወርደው ደራሽ ነው። አምባሰል የውሃ መለያያ ነው፤ ምዕራቡ በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ፣ ምሥራቁ በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ድንገተኛ ስለሆነ በውሉ ጎርፍ እስከተጠቀሰ ድረስ ደራሹ ብዙም አያከራክርም።

ሁለተኛው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ውሃ ነው። ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከፍታው ከዝናቡና ከትነቱ ጋር ይለዋወጣል። በአፈ ታሪክ ሐይቁ ራሱ የጎርፍ ሥራ ነው፤ አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች፣ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ውሃ አደረገው ይባላል። ያ መሬት በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል። አፈ ታሪኩ እንደ ታሪክ ማስረጃ ባይያዝም፣ የደሴቱ ከየብስ መገናኘት የሐይቁ ዳርቻ ቋሚ ወሰን እንዳልሆነ ያሳያል። ውሃ የለቀቀው መሬት ላይ የተሠራ መጋዘን በቀስታ በሚሞላ ውሃ ሊያዝ ይችላል፤ መድን ሰጪዎች ደግሞ «ድንገተኛ» ያልሆነውን ጉዳት አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። በዳርቻው የሚገነባ ነጋዴ «ከሐይቅ ሙላት የሚደርስ ጉዳት» የሚል ሐረግ በግልጽ ማስጻፍ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ዝናብ የሚያስከትለው የመሬት መንሸራተት ነው። ገደላማ በሆነው አምባሰል ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ውሎች ግን ከጎርፍ ለይተው ያዩታል። የአሜሪካው ፕሮግራምም የጭቃ ጎርፍን ሲሸፍን የመሬት መንሸራተትን አይሸፍንም።

ግምትና ካሳ

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚያዘው ሕንጻውና የይዞታ መብቱ ነው። ባንክ ሲገምት የቦታውን ተፈላጊነት ሊያስብ ይችላል፤ መድን የሚከፍለው ግን ሕንጻውን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ነው። አሳንሶ ማስገባትም ይጎዳል፦ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መጋዘን በ2 ሚሊዮን መድን ቢገባና የ1 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ፣ በተመጣጣኝ ስሌት የሚከፈለው 500,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ (መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ይነሳል።

ሸቀጥና ዕቃ

የሚንቀሳቀስ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ለብቻው ሊያዝ ይችላል። የሕንጻው መድን እህሉንና ጨርቁን አያካትትም፤ ለየብቻ ዋጋ ሊሰጣቸው ይገባል። ጆንያ በወለል ላይ እንዳይቀመጥ፣ በእንጨት ርብራብ ከፍ እንዲል የሚያስገድዱ ውሎችም አሉ።

ቅሬና ተካፉል

በወሎ እድር «ቅሬ» ይባላል፤ ለቀብርና ለኀዘን ይደርሳል እንጂ ለባንክ መያዣ የሚገባውን መድን አይተካም። ከወለድ ነጻ ፋይናንስ ለሚጠቀሙ ሙስሊም ነጋዴዎች ተካፉል (በመተጋገዝ ላይ የተመሠረተ ከወለድ ነጻ መድን) አማራጭ ነው።

የጦርነት ጉዳት

በ2014 አካባቢው በጦርነት ተጎድቷል። የጦርነት ጉዳት በመደበኛ የንብረት መድን ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም። ጣሪያው በጦርነት በተነሳ ቤት ውስጥ በኋላ ዝናብ ቢገባና ዕቃ ቢያበላሽ፣ የጉዳቱ ዋና ምክንያት ጦርነቱ ነው ወይስ ውሃው የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ በተነሳ ጣሪያ የገባ ዝናብም በብዙ ውሎች ትርጉም ጎርፍ አይባልም።