ከእርፍ ወደ ጠመንጃ፦ የዘረት ዋሻ ገበሬዎች



ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠራው የራስ አበበ አረጋይ ስም ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸውን ተከትሎ ስለ ዘመተው፣ ትናንት የራሱንም ሆነ የሰው ማሳ ሲያርስ ስለነበረው ገበሬ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ መደበኛው ጦር ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ተበትኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጦርነቱ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም፣ ቀለብ የሚሰፍርለትም የለም። ስንቁ ከገዛ ጎተራው የወጣ ገብስ ነው፤ ፈጭታና ቆልታ የምታቀብለው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት። ጠመንጃ ያልነበረው ደግሞ ከጠላት ማርኮ ይታጠቃል። በሰኔ ካልተዘራና በኅዳር ካልታጨደ አርበኛው የሚበላው አልነበረም። ጠላትም ይህን ስለተረዳ ነው መንደር ያቃጠለው፣ እህልና ከብትም የዘረፈው።

በመጋቢት 1931 ዓ.ም. መጨረሻ በተሾመ ሻንቁጥ የሚመራ አንድ የአርበኛ ጓድ መንዝ ውስጥ በዘረት ዋሻ ተከበበ። አብረውት ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ማለትም አገሬው ከነቤተሰቡ ነበር ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 1 ቀን የፋሲካ ዕለት ነበር። በዚያ ሰሞን የጣሊያን ጦር ዋሻውን በሰናፍጭ ጋዝ አጠቃ። ጣሊያን ራሷ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር! እጃቸውን ከሰጡት መካከል 800 ያህል ወንዶች ሚያዝያ 3 ቀን ተረሸኑ።

ይህ ግፍ ከ60 ዓመት በላይ ከአካባቢው ሰው በቀር እምብዛም የሚያውቀው አልነበረም። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የጦሩን ሰነድ አግኝቶ በ1998 ዓ.ም. ዋሻውን እስኪያይ ድረስ ማለት ነው። ኋላም የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን አጥንተዋል። ከሰው አፅም ጋር ያገኙት የልዩ ልዩ አገር ሥሪት የጥይት ቀለህ፣ የሸክላ ዕቃና ሌላም የገበሬ ቤት ቁሳቁስ ነው። የዋሻው ስም በአካባቢው «አመፀኛ ዋሻ» ይባላል። እንግዲህ አመፀኛው ሸክላውን ተሸክሞ የመጣ አራሽ ነበር።

የአዛዡ ስም በታሪክ ተመዝግቧል። የተረሸኑት ስም ግን ዛሬም በየቤተሰቡ አፍ ላይ ብቻ አለ። የመሠረታዊ ማኅበራት ጸሐፊዎች የአባላትን መዝገብ ስታድሱ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከዘረት ያልተመለሰ አባል ካለ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ጠይቃችሁ ከጎኑ ብታሰፍሩት የሚወስደው አንድ መስመር ነው።